ስልኩ የማን ነው? የካምፓላ የጋራ ስልክና የንድፍ አውጪዎቹ ታሪክ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በካምፓላ ጎዳናዎች ያለፈ መንገደኛ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከከተማዪቱ ኮረብቶችና ከቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌቶቿ እኩል ዓይኑን የሚስበው በየመንገዱ ዳር የተዘረጋው የስልክ ንግድ ነበር። አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ፣ ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል ጃንጥላ ወይም ቢጫ የተቀባች ኪዮስክ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተር። የስልኩ ባለቤት ደቂቃ እየቆጠረ ያስደውላል፤ ደዋዩ ሒሳቡን ከፍሎ ይነሣል፤ ተራ ጠባቂው ይተካል። በደብተሩ ላይ የሰፈሩ ሰዎች የሚደውሉላቸው ዘመዶችና ወዳጆች ቁጥር ተጽፏል። ስልኩ ስምና ቁጥር መመዝገቢያ እያለው ወረቀት ለምን አስፈለገ?

ምክንያቱ ስልኩ ሲሠራ የታሰበለት ሰው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ባለቤት፣ አንድ የስም ዝርዝር፣ አንድ የመልእክት ሣጥን። በጠረጴዛው ዙሪያ በየቀኑ የሚሰበሰቡት ብዙ ሰዎች በንድፍ አውጪው ሐሳብ ውስጥ አልነበሩም። ይህ ክፍተት እንዴት እንደታየ፣ ማን ቀድሞ እንደሞላው፣ ከዚያም ምን እንደደረሰበት ሲታይ ታሪኩ ከአንድ የስልክ ቀፎ ታሪክ በእጅጉ ይሰፋል።

በኡጋንዳ የሞባይል ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በ1995 ሴልቴል በተባለው ኩባንያ ነበር። ያን ጊዜ ስልኩም ጥሪውም የባለጸጎች፣ የዲፕሎማቶችና የታላላቅ ነጋዴዎች ነበር። ኤምቲኤን በጥቅምት 1998 ገበያውን ሲቀላቀል ግን ነገሩ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ካርድ እየተፋቀ የሚሞላው የቅድመ ክፍያ አገልግሎት ወርኃዊ ሒሳብ ለመክፈል ዋስ ማቅረብ የማይችለውን ሕዝብ ወደ ስልኩ አቀረበው። በ1999 የሞባይል ደንበኞች ቁጥር ከመደበኛው ስልክ ደንበኞች በለጠ፤ ኡጋንዳም ይህ የታየባት የመጀመሪያዋ የአፍሪካ አገር ሆነች። ይሁን እንጂ የኩባንያዎቹ መዝገብ የሚቆጥረው ሲም ካርድን እንጂ ሰውን አልነበረም። በአንድ ሲም ካርድ አንድ ቤተሰብ፣ አንዳንዴም አንድ መንደር ይነጋገርበት ነበር።

በዚሁ ዘመን ከኡጋንዳ ርቆ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የጥናት ተቋማት፣ አንድ ሐሳብ ከልጅነት ወደ ጉልምስና እየተሸጋገረ ነበር። ዶናልድ ኖርማንና ስቴፈን ድሬፐር በ1986 ባሳተሙት የጥናቶች ስብስብ የኮምፒዩተር ሥርዓት መነደፍ ያለበት ከማሽኑ ተነሥቶ ሳይሆን ከሚጠቀምበት ሰው ተነሥቶ ነው የሚለው አመለካከት ስም አገኘ፤ ተጠቃሚን ማዕከል ያደረገ ንድፍ ተባለ። በ1999 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥሩ 13407 የሆነ ደረጃ አወጣለት። የደረጃው ፍሬ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሰውየውንና ሥራውን እወቅ፤ የሚሠራበትን ቦታ ተመልከት፤ ሞክር፤ አስተካክል፤ እንደገና ሞክር። ድረ ገጽም ይሁን የስልክ ገጽታ፣ የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽንም ይሁን የሕክምና መሣሪያ በዚሁ መንገድ ቢሠራ ይሻላል ተባለ። ትምህርቱ መልካም ነው። ነገር ግን ተጠቃሚው የሚለው ቃል ሲጠራ በብዙዎቹ አእምሮ የሚመጣው ሥዕል በማሽን ፊት ብቻውን የተቀመጠ፣ ማንበብ የሚችል፣ መሣሪያው የራሱ የሆነ ሰው ነበር። ካምፓላና አካባቢዋ ይህን ሥዕል ሦስት ጊዜ አስተካከሉት ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው እርምት የመጣው ከዋና ከተማዪቱ በስተሰሜን ከምትገኘው ከናካሴኬ ነው። ናካሴኬ ከ1981 እስከ 1986 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ክፉኛ በተጎዳው የሉዌሮ ምድር ያለች የገጠር ከተማ ናት። በ1999 ኮምፒዩተር፣ ስልክ፣ ፋክስና ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጣሪያ ሥር የያዘ የሕዝብ የመገናኛ ማዕከል በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ድጋፍ ተከፈተባት። ማዕከሉ ሲከፈት ከሚመጡት ይልቅ የማይመጡት ሰዎች ጥያቄ አስነሡ፤ ገበሬዎቹ ሴቶች። ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ነገር በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፍም ነው። ለእነርሱ ኑሮ የሚጠቅም ነገርም አልነበረበትም።

መቀመጫውን ኒው ዮርክ ያደረገው ዓለም አቀፍ የሴቶች ትሪቢዩን ማዕከል በ2001 ግድም ያዘጋጀው ሲዲ ይህን ጉዳይ ከሥሩ ያየ ነበር። ርእሱ የገጠር ሴቶች ገንዘብ የሚያገኙባቸውን መንገዶች የሚመለከት ሲሆን የተሠራውም በሥዕልና በድምፅ ነው። ሴትዮዋ ማውዙን በሥዕሉ ላይ አድርጋ ስትጫን ሲዲው በሉጋንዳ ወይም ቀለል ባለ እንግሊዝኛ ያናግራታል። ማንበብ ቅድመ ሁኔታ አልነበረም። ከዚያ በፊት የኮምፒዩተር ገጽ አይተው የማያውቁ ሴቶች፣ ከእነርሱም መካከል በዕድሜ የገፉ እናቶች፣ ስለ ዶሮ እርባታና ስለ ገበያ ከማሽኑ ጋር ተቀምጠው ሰሙ። የተማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ፊደል ያልቆጠረ ሰው መጀመሪያ ፊደል ይቁጠር፣ ከዚያ ወደ ማሽኑ ይምጣ ይላሉ። የናካሴኬው ሲዲ ይህን ቅደም ተከተል አፈረሰው። ጉድለቱ ግን ከሲዲው ውጭ ነበር። ኮምፒዩተሩ በአዳራሽ ውስጥ ቆሟል፤ መብራት ሲጠፋ እርሱም ይጠፋል፤ ሴትዮዋም ከማሳዋ ተነሥታ ወደ እርሱ መሄድ አለባት። ስልኩ ግን ወደ እርሷ እየመጣ ነበር።

ግራሚን ፋውንዴሽን ከኤምቲኤን ጋር ሆኖ በ2003 የጀመረው የመንደር ስልክ ሥራ የባንግላዴሽን ልምድ ወደ ኡጋንዳ ያሻገረ ነው። አንዲት የመንደር ነጋዴ ከአነስተኛ የብድር ተቋም ትበደራለች፤ በብድሩ ስልክ፣ ምልክት ከሩቅ የሚስብ አንቴናና ስልኩን የምትሞላበት ባትሪ ትገዛለች፤ ለጎረቤቶቿ ጥሪ እየሸጠች ብድሯን ትመልሳለች። የንድፉ ብልሃት ያለው ከቀፎው ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ነው። ስልኩ ያው የአንድ ሰው ስልክ ሆኖ ሳለ አንቴናው፣ ብድሩና ሴትዮዋ ተደምረው የመንደር ስልክ አደረጉት።

ሁለተኛውና ትልቁ እርምት ግን ማንም ያላቀደው ነው። በ2006 የኖኪያ ኩባንያ ተመራማሪ የነበሩት ጃን ቺፕቼዝና ኢንድሪ ቱሉሳን ሰዎች ስልክን እንዴት እንደሚጋሩ ለማጥናት ወደ ኡጋንዳ መጡ። የመጡት ለመሸጥ ወይም ለማስተማር አልነበረም፤ በጠረጴዛዎቹ አጠገብ ቆመው ለማየት ነው። ያዩትም ከቤተ ሙከራ ሊወጣ የማይችል ነገር ሆነ።

በሉጋንዳ ቋንቋ ሴንቴ ማለት ገንዘብ ማለት ነው። በዚያ ዘመን የብዙው ሕዝብ ደመወዝ ከባንክ ጋር አይተዋወቅም፤ በካምፓላ የቀን ሥራ የሚሠራ ልጅ በገጠር ላሉት እናቱ ገንዘብ ለመላክ ያለው ምርጫ ለአውቶቡስ ሾፌር አደራ መስጠት ወይም ራሱ መሄድ ነበር። ሕዝቡ ሌላ ዘዴ አበጀ። ልጁ በከተማ የስልክ ካርድ ይገዛል፤ ካርዱን ግን በራሱ ስልክ አይሞላም። በእናቱ መንደር ወዳለችው የስልክ ነጋዴ ደውሎ በካርዱ ላይ የተጻፈውን የምስጢር ቁጥር ያነብላታል። ነጋዴዋ ካርዱን በራሷ ስልክ ሞልታ የአየር ሰዓቱን ለደንበኞቿ ትሸጣለች፤ የካርዱን ዋጋ ከድካሟ ቀንሳ ለእናትየዋ በጥሬ ገንዘብ ትሰጣለች። ባንክ የለም፤ ቅርንጫፍ የለም፤ ቅጽ የለም። አንድ የስልክ ካርድና አንድ መተማመን ገንዘብ ከከተማ ወደ ገጠር አደረሱ። ዘዴውም በገንዘቡ ስም ሴንቴ ተባለ። ይህን ሥርዓት የነደፈ መሐንዲስ ስም በየትኛውም መዝገብ አይገኝም። ነደፈው ቢባል የነደፈው ሕዝቡ ነው።

ተመራማሪዎቹ ያስተዋሉት ይህን ብቻ አልነበረም። ማንበብ የማይችል ደንበኛ ሲመጣ የኪዮስኩ ባለቤት ቁጥሩን ይመታለታል፤ የመጣለትን አጭር መልእክት ያነብለታል፤ መልሱንም ይጽፍለታል። መልእክቱ የተላከለት ሰው በአቅራቢያ ከሌለ የኪዮስኩ ሰው በእግሩ ሄዶ ያደርሳል፤ የኤሌክትሮኒክ መልእክት የመጨረሻውን መንገድ በጫማ ይጨርሳል። ገንዘብ የሌለው ደውሎ ወዲያው ይዘጋል፤ የተደወለለት ሰው ይረዳዋል፤ መልሶ ይደውላል። ይህን የመጨረሻውን የአገራችን ሰው ሚስኮል ብሎ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ማን በማን ላይ ሚስኮል ማድረግ እንደሚገባውና ለማን ማድረግ ነውር እንደሆነም ያልተጻፈ ሕግ ነበረው።

መልእክት አንባቢውም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛውን ዘርግቶ የባለጉዳዩን ብሶት በሕግ ቋንቋ የሚያሰናዳው ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከውጭ አገር የመጣውን የልጅ ደብዳቤ ለእናት የሚያነበው የጎረቤት ተማሪ የዚሁ ሙያ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ምስጢር ይሰማሉ፤ ሁለቱም አንዳንዴ ከተነገራቸው ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። በካምፓላ ኪዮስክም የባልና የሚስት ጠብ፣ የብድር ጭቅጭቅ፣ የሕመም ዜና በሦስተኛ ሰው አፍ አለፈ። የምቾቱን ያህል ዋጋ ነበረው፤ ለሌላ ሰው ሊነገር የማይገባው ነገር በሌላ ሰው በኩል ካልሆነ የሚነገርበት መንገድ አልነበረም።

ከጥናቱ በኋላ፣ በ2007፣ ኖኪያ 1200 እና 1208 የተባሉ ሁለት ርካሽ ስልኮች አስተዋወቀ። ከዚያ ቀደም በነበሩት ርካሽ ስልኮቹ እንደተለመደው የእጅ ባትሪ ነበራቸው፤ ቁልፎቻቸውም አቧራ እንዳያስገቡ ተሸፍነው ነበር። አዲሱ ነገር ግን ገጽታቸው ነው። በአንድ ቀፎ ውስጥ ለተለያዩ ተጠቃሚዎች ለየብቻ የሚከፈቱ በርካታ የስልክ ማውጫዎች ተዘጋጁ። የአንድን ጥሪ ርዝመት ወይም ወጪ አስቀድሞ ለመወሰን የሚያስችል መቆጣጠሪያም ተጨመረ፤ ስልኩን ለጎረቤት ሲያውሱ የካርዱ ሒሳብ ሳይታወቅ እንዳያልቅ ማለት ነው። የኪዮስኩ ደብተርና የነጋዴዋ ሰዓት ወደ ስልኩ ውስጥ ገቡ። በንድፍ ታሪክ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ስልክ የግል ንብረት ነው የሚለውን የራሱን እምነት በካምፓላና መሰል ከተሞች ልማድ ፊት አጠፈ።

በ2008 የአሜሪካ ታላላቅ ጋዜጦች ቺፕቼዝን እያነሡ በአድናቆት ጻፉ። አድናቆቱ ይገባዋል፤ ማየት የሚችል ሰው ብርቅ ነውና። ቢሆንም ሴንቴን የፈለሰፉት፣ ማውጫውን በወረቀት የጀመሩት፣ መልእክቱን በእግራቸው ያደረሱት ሰዎች በዚያ ምስጋና ውስጥ ሰዎቹ ወይም ነጋዴዎቹ ከመባል አላለፉም።

ፊደልን የሚመለከት አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ሳይነሣ ቢታለፍ ጉድለት ይሆናል። የኡጋንዳ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ሉጋንዳ ተናጋሪው በአሥራ ሁለቱ የስልክ ቁልፎች በቋንቋው ለመጻፍ አልተቸገረም። የእኛ 231 ዋና ዋና ፊደላት ግን በዚያች ጠባብ ገበታ ላይ የሚያርፉበት ቦታ አልነበራቸውም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ቢገባም በእጅ ስልክ ላይ በስፋት እስኪታይ ዓመታት ፈጅቷል። በዚያ መካከል ወጣቱ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ ተላላከ። እርሱም እንደ ካምፓላው ነጋዴ ንድፍ አውጪው የተወለትን ክፍተት በራሱ ብልሃት ሞላ።

ሦስተኛው እርምት ገንዘብ ነው። የኬንያው ኤምፔሳ በመጋቢት 2007 ሥራ ጀመረ፤ በመጋቢት 2009 ደግሞ ኤምቲኤን በኡጋንዳ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ከፈተ። በዚህ ጊዜ የካምፓላ ሰው ትምህርት አላስፈለገውም ማለት ይቀላል፤ ገንዘብን በስልክ መላክ ከሴንቴ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ቢጫዎቹ ኪዮስኮች የጥሪ ንግዳቸው በርካሽ ስልኮች መብዛት ሲዳከም የገንዘብ ወኪል ሆኑ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በግንቦት 2021፣ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሲጀምር የተጠቀመበት የወኪል ሥርዓት ከዚሁ የምሥራቅ አፍሪካ ልምድ የተቀዳ ነው።

በአዲሱ ሥርዓት ግን አንድ ነገር ተመልሶ መጣ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ቁጥር። የገንዘቡ ቁልፍ የግል የምስጢር ቁጥር ነው፤ ማንም እንዳያውቀው ይነገራል። ማንበብ የማትችል እናት በስልኩ ላይ ተራ በተራ የሚመጣውን የጽሑፍ ዝርዝር ለመከተል ልጇን ወይም ወኪሉን ትጠራለች፤ እግረ መንገዷንም የምስጢር ቁጥሯን ትነግረዋለች። በንድፉ ዓይን ይህ የተጠቃሚዋ ጥፋት ነው። ለአሥር ዓመት ያህል ቁጥር ሲመታላትና መልእክት ሲያነብላት የኖረው የኪዮስክ ሰው ዛሬ ምስጢር ሊሰማ የማይገባው ባዕድ ተደርጓል፤ የምታነብላት ማሽን ግን በቦታው አልተተካችም። የናካሴኬው ሲዲ ተናጋሪ ነበር። ገንዘብ የያዘው ስልክ ዝም አለ።

በ2009 ጉግል፣ ግራሚን ፋውንዴሽንና ኤምቲኤን በአጭር መልእክት የእርሻ ምክር፣ የጤና ምክርና የገበያ ማገናኛ አገልግሎት ካምፓላ ላይ ሲከፍቱም ዓላማው መልካም ነበር። የጤናውን አገልግሎት በማዕከላዊ ኡጋንዳ መንደሮች የፈተሹ አጥኚዎች በ2013 ባወጡት ሪፖርት ግን የሰዎቹ የጤና እውቀት ማደጉን አላገኙም። ጥያቄ ጽፎ መልስ እስኪመጣ የሚጠብቅ አንባቢ ከታሰበው ያነሰ ሳይሆን አልቀረም።

ከ2012 ጀምሮ ጉዳዩ ከንድፍ አውጪዎች እጅ ወጥቶ ወደ ሕግ ተሻገረ። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር የሲም ካርድ ምዝገባ ተጀመረ፤ በ2017 ደግሞ የመገናኛ ኮሚሽኑ እያንዳንዱ ሲም ካርድ ከብሔራዊ መታወቂያ ጋር እንዲመሳከር አዘዘ። ለፀጥታና ለማጭበርበር መከላከያ የቀረበው ምክንያት መሠረት አልባ አልነበረም። ነገር ግን የጋራ ስልክ በሕግ ፊት ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ ብሔራዊ መታወቂያ ሊያገኝ የማይችል ሰውም በስሙ ስልክ የማውጣት መንገዱ ጠበበ። ኡጋንዳ በአፍሪካ እጅግ ብዙ ስደተኛ የምታስተናግድ አገር ናት። ከደቡብ ሱዳንና ከኮንጎ የመጡት ብዙዎቹ በሰፈራ ጣቢያዎች ይኖራሉ፤ በካምፓላ ደግሞ ሶማሌዎች በኪሴንዪ፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በካባላጋላና በአካባቢው ይገኛሉ። ለስደተኛ ስልክ ማለት ዘመድ ነው፤ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ መቀበያም ነው። ሲሙ በስሙ ካልሆነ ገንዘቡም በስሙ አይደለም። ስለዚህ በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም መያዝ፣ ማለትም በሌላ ሰው ፈቃድ ሥር መኖር ግድ ሆነ። የስደተኛ መታወቂያና የምዝገባ ማስረጃ ለሲም ካርድ እንዲያገለግል መመሪያ የወጣው በ2019 ነው።

በዚያው መካከል፣ ሐምሌ 1 ቀን 2018፣ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሆኑ። በየቀኑ 200 ሽልንግ የሚያስከፍለው የማኅበራዊ መገናኛ ግብር ሥራ ላይ ዋለ፤ የሚከፈለውም በሞባይል ገንዘብ ብቻ ነበር። ፌስቡክ ወይም ዋትሳፕ የሚፈልግ ሰው ከገጹ በፊት የግብር መክፈያውን ዝርዝር ያልፋል፤ ብዙዎችም ቪፒኤን በተባለው መሸፈኛ መንገድ መጠቀምን መረጡ። ግብሩ በሐምሌ 2021 ቀርቶ በኢንተርኔት ዳታ ላይ በሚጣል 12 በመቶ ተተካ። ሁለተኛው ነገር ብዙ አልተወራለትም፤ በመገናኛ ኮሚሽኑ ትእዛዝ ተፍቆ የሚሞላው የስልክ ካርድ ሽያጭ ቆመ። ልጅ ለእናቱ በስልክ ያነበው የነበረው፣ ሴንቴ የተመሠረተበት ያ ቁራጭ ወረቀት ከገበያ ወጣ።

ቢጫው ኪዮስክ ግን ቀርቷል። ገንዘብ ለመላክ ወይም ለማውጣት የመጣ ደንበኛ ቁጥሩን ይናገራል፤ ወኪሏ ትመታለች፤ መልእክቱ በሁለቱም ስልክ ይደርሳል። ከዚያ ወኪሏ ከጠረጴዛው ላይ ደብተር ትስባለች፤ የደንበኛውን ስም፣ ቁጥርና የገንዘቡን መጠን በሰንጠረዡ ታሰፍራለች፤ እስክሪብቶውን አዙራ ለደንበኛው ትሰጠዋለች፤ እርሱም ይፈርማል።